ማንም ያልነካው ሪሲቨር

ጀልዴሳ ውስጥ የሞተ ሪሲቨር ለቀስተኛ አያጣም። ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ሲወረድ ባለችው በዚች መንደር፣ ሻይ ቤት ጣሪያ ላይ የተተከለ ዲሽ የሰፈሩ ሁሉ ንብረት ነው፤ የገዛው ሰው የሚታወቀው ወጪ በመጣ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ አርሴ ሜዳ ሊገባ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ የሻይ ቤቱ ሪሲቨር ግንባሩ ላይ «ቡት» ብሎ ጽፎ ንቅንቅ አልልም ሲል፣ ጉዳዩ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ የሸንጎ ሆነ።

እኔ ከድሬ የመጣሁት ከዲሽ ሠሪው ጋር ነው። ምን ልሠራ ቢባል፣ ባጃጁ ውስጥ ቦታ ነበር። ድሬ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ፣ በርጫውን ይዞ፣ ለሰው ፊት የማይሰጥ ከተማ ነው። እኛ ስንደርስ ምርመራው ተጋምሷል። አንዱ «ሙቀት ነው» ይላል። ጀልዴሳ ላይ ሙቀት ነው ማለት ምንም አለማለት ነው፤ እዚያ ሙቀት ያልሆነ ነገር አይገኝም። ሌላው ዲሹን ፍየል ገጭታው ይሆናል ብሎ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ፍየል ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች ብሎ የጠየቀ የለም፤ የአካባቢውን ፍየል የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። አንድ ሽርጥ የታጠቀ ጎልማሳ ሪሲቨሩን አንሥቶ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ይደቅናል፤ ፊቱን ላየው፣ የሆነ ነገር የሰማ ይመስላል። ከጥግ ደግሞ ጉንጩ በጫት የተወጠረ አንዱ፣ «ተዉት አቦ! ምርቃናው ሲመጣ ራሱ ይነሣል» አለና ወደ ቅጠሉ ተመለሰ። ከዕለቱ ምክሮች ሁሉ ጉዳት የሌለው የእሱ ነበር።

ዲሽ ሠሪው ቦርሳውን ዘረገፈ፦ ካቻቢት፣ መልቲሜትር፣ ፊደሎቹ የረገፉ ላፕቶፕ፣ የተጠላለፈ ገመድ፣ ብዙ ፍላሽ፣ እና አንዲት የከረሜላ ጣሳ። ጣሳዋ ውስጥ ያሉት ጭንቅላታቸው ያበጠ፣ ከዚህም ከዚያም ሪሲቨር የተነቀሉ የተቃጠሉ ካፓሲተሮች ናቸው። የሞተ ዕቃ ለምን ትሸከማለህ አልኩት። «ያስፈልጋሉ» ብሎ ዝም አለ።

ከዚያ ሪሲቨሩን ሳይነካ ለጉባኤው አንድ ጥያቄ አቀረበ። «መጨረሻ ላይ ማን ምን ነካው?»

«ማንም አልነካውም!»

ይህ መልስ በሶማልኛም በኦሮምኛም በአማርኛም ተሰጠ። በሦስት ቋንቋ እንዲህ የሚስማማ ነገር ሲገጥም ውሸት መሆኑን መጠርጠር ደግ ነው። ዲሽ ሠሪው አልተከራከረም፤ ዓይኑን በዙሪያው አዞረና በሩ ላይ ቆሞ የሚያልፍ ግመል በከፍተኛ ትኩረት የሚመለከት ልጅ አየ። ጀልዴሳ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግመል አይቶ አይገረምም። «ዋሪያ፣ ና እስቲ» አለው። ልጁ የባለቤቱ የእህት ልጅ ነው። ከኪሱ ፍላሽ ወጣ። ፍላሹ ውስጥ ደግሞ ከቴሌግራም የወረደ አዲስ ሶፍትዌር፣ የስፖርት ቻናሉን ሁሉ ይከፍታል የተባለለት። ቻናሉ የሚከፈትበትን የሰርቨር ነገር አናንሣው፤ ሕግ አዋቂ ያነበው ይሆናል።

ልጁን አልፈርድበትም። አገሩ ሁሉ ዲሽ ሠሪ ከሆነ ሰንብቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. ጣቢያዎቻችን ኢትዮሳት ተብለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ሲዛወሩ፣ ለናይልሳት ብሎ ወደ ምዕራብ ያጎነበሰ ዲሽ ሁሉ ቀና ብሎ ፊቱን ማዞር ነበረበት። ያን ጊዜ ያልተማረ የለም። የልጃቸውን ስልክ ቁጥር በቃላቸው የማያውቁ እናቶች «11105፣ ሆሪዞንታል፣ 45000» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ «መጣ? ሄደ?» እየተባባለ ሲግናል ያገኘ ቤተሰብ፣ በማግስቱ የሪሲቨሩን ሆድ ዕቃ ለመለወጥ ቢነሣ ምን ይደንቃል? ልጁ ደግሞ የአቅሙን ያህል ተጠንቅቋል፤ የፋይሉን ስም ክዳኑ ላይ ካለው ስም ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሯል። ስሙ ልክ ነበር። ችግሩ ያለው ስሙ ላይ አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

ዲሽ ሠሪው የሶፍትዌሩን ነገር ለጊዜው ትቶ መጀመሪያ አዳፕተሩን ለካ። ለምን ቢሉት፣ የደከመ አዳፕተርም ልክ እንዲህ ዓይነት ፊት ያሳያል፤ ብቻውን ሲለኩት 12 ቮልት ብሎ ይኩራራል፣ ሪሲቨሩ ላይ ሲሰኩት ግን ይወርድበታል። ስለዚህ እንደተሰካ ነው የሚለካው። ደህና ነበር። ኤችዲኤምአዩን ነቀለ፣ የዲሹን ገመድ ነቀለ፣ ብቻውን አስነሣው። «ቡት»።

ይህን ጊዜ ከሁሉ በዕድሜ የሚልቁት፣ እስካሁን ቃል ያልተነፈሱት አዛውንት፣ «ቆይ፣ ቡት ማለቱ ምን ማለቱ ነው?» አሉ።

«አባባ፣ አንተ ስትነሣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» አላቸው ዲሽ ሠሪው። (አንባቢ አይከፋው፤ የድሬ ልጅ ሽማግሌንም ንጉሥንም አንተ ነው የሚለው፤ አክብሮቱ ድምፁ ላይ ነው።) መልስ ሳይጠብቅም ቀጠለ። ጥቁሩ ዋና ቺፕ ውስጥ ፋብሪካው የቀበራት፣ ማንም የማይሰርዛት ትንሽ ትእዛዝ አለች። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጠገቧ ወዳለው ስምንት እግር ያለው የፍላሽ ቺፕ ሄዳ ሎደር የሚባለውን ትቀሰቅሳለች። ሎደሩ የተሻለ ያውቃል፤ ሜሞሪውን ያዘጋጃል፣ ግንባሩ ላይ «ቡት» ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ ዋናውን ሶፍትዌር ፈልጎ ይዘረጋና ሥራውን ያስረክባል። ሜኑ፣ ቻናል፣ ጎል፣ ይሄ ሁሉ የዋናው ሥራ ነው።

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና፣ «ይሄማ ጀልዴሳ ናት» አሉ።

ዲሽ ሠሪው አልገባውም። እኔ ግን ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህም ከእሳቸው የተሻለ ያብራራልኝ ሰው አላገኘሁም።

ድሮ ከዘይላ ወደብ የተነሣው ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ ጀልዴሳ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው፤ የቆላ ግመል የሐረርን ተራራ አይወጣም። ሸክሙ እዚህ ይራገፍና በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ይወጣል። ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ሐረርን ይዘው በቆዩበት ጊዜ እዚህ ጠባቂ ነበራቸው፤ ኋላ በራስ መኮንን ዘመን የሐረር ቀረጥ የሚቆረጥባት ኬላ ሆነች። ባለቅኔው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ፣ ሐረር ላይ ነግዶ ነግዶ እግሩ ሲታመም በሚያዝያ 1891 እ.ኤ.አ. 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ዘይላ የወረደው በዚሁ መንገድ ነው። አውሮፓ ስሙን በቅኔ ያነሣዋል፤ ኬላው ግን እንደማንኛውም ሸክም አሳልፎታል።

እንግዲህ ግመሉ በደህና ደርሶ፣ ዕቃው አንድም ሳይጎድል፣ በቅሎ ከሌለ ምን ይሆናል? ሐረር ያለው ነጋዴ ዕቃው አለመምጣቱን እንጂ ሌላ አያውቅም። ሽፍታ ዘርፎት ይሁን፣ ግመሉ በረሃ ላይ ወድቆ ይሁን፣ ወይ ጀልዴሳ ጥላ ሥር ተቀምጦ በቅሎ እየጠበቀ ይሁን፣ ለእሱ ሁሉም ያው ነው። ጥቁር የሆነው ቴሌቪዥን ሐረር መሆኑ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ጉባኤ በሙሉ ሐረር ላይ ቆሞ ነበር የሚያለቅሰው። ግንባሩ ላይ ያለው «ቡት» ግን ከኬላው የተላከ ቃል ነው፦ ግመሉ ገብቷል፣ በቅሎ የለም።

አዛውንቱን ሰምቶ ሲጨርስ ዲሽ ሠሪው ሳቀና፣ «ኬላውን እንጠይቀዋ!» ብሎ ክዳኑን ፈታው።

የልጁ ጉድ የወጣው እዚህ ነው። ቦርዱ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው 1506 የሚል ቁጥርና ከኋላው የተከተሉ ፊደሎች ናቸው። ዲሽ ሠሪዎች ይህን ቁጥር ሲያዩ ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ። 1506ቲ አለ፣ 1506ጂ አለ፣ 1506ኤልቪ አለ፣ 1506ቲቪ አለ፤ የአንዱ ሶፍትዌር ለሌላው አይሆንም። ፋብሪካው ግን ክዳኑን አንድ ዓይነት አድርጎ፣ ስሙን አንድ ዓይነት አትሞ፣ ካርቶኑን አንድ ዓይነት አሽጎ፣ ሆዱን በየጊዜው ባገኘው ይሞላዋል። ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ገብተህ ከአንድ መደርደሪያ አንድ ዓይነት ሁለት ሪሲቨር ገዝተህ ሁለት የማይተዋወቁ ቦርዶች ይዘህ ልትወጣ ትችላለህ። ክዳን ማመን ቀረ። የልጁ ፋይል ለክዳኑ ትክክል ነበር፤ ለቦርዱ ግን ባዕድ። በቅሎስ መጥቶ ነበር፣ የሌላ ባለቤት በቅሎ ሆነና እንጂ።

ሦስት ቀጫጭን ሽቦ ከቦርዱ ጋር አገናኘ፤ አንዱ መላኪያ፣ አንዱ መቀበያ፣ አንዱ መሬት። መላኪያው ከመቀበያው ጋር ተሰናስሎ ነው የሚገባው፤ አፍ ከአፍ ቢገናኝ ማን ይሰማል? ላፕቶፑን ከፈተ፣ ሪሲቨሩን አስነሣው፣ ስክሪኑም በማይነበብ ምልክት ተጥለቀለቀ። «ቻይንኛ ነው!» አለ ባለ ሽርጡ። «የለም፣ ቫይረስ ነው» አለ ሌላው። ዲሽ ሠሪው ፍጥነቱን ከ9600 ወደ 115200 ለወጠው። ያው ጽሑፍ የተስተካከለ እንግሊዝኛ ሆኖ መውረድ ጀመረ። ሜሞሪው ደህና ነው፣ የፍላሽ ቺፑ ተገኝቷል፣ መጠኑ 4 ሜጋባይት ነው፣ ዋናው ፕሮግራም... እዚያ ላይ ቆመ። አጥፍቶ አስነሣው፤ እዚያው ላይ ቆመ። ሎደሩ ሕያው ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው አሠራር ለምን ብርቅ እንደሚሆን አላውቅም። ስልክ ተደውሎለት «እንደገና ጫንበት!» የሚል ባለሙያ በየሰፈሩ ሞልቷል። የት እንደቆመ ሳይጠይቅ የሚጭን ሰው፣ ሦስተኛው ጭነት ላይ ሎደሩንም ይደመስሰዋል። ያን ጊዜ ፍላሹም ገመዱም ዋጋ የለውም፤ በዚያች ስምንት እግር ላይ ክሊፕ ነክሶ ሲኤች341ኤ በሚባለው ርካሽ ማሽን ቺፑን በቀጥታ መጻፍ ብቻ ይቀራል። ያም ማሽን የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዳንዱ 3.3 ቮልት ለለመደ ቺፕ 5 ቮልት ያጎርሰዋል። ሽርጥ ታጥቆ በመዳፍ የሚመታው ሰው ከዚህ ሁሉ ይሻላል፤ ቢያንስ የሚያጠፋው ነገር የለም።

ትክክለኛው ፋይል ዲሽ ሠሪው ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። ጤነኛ ሪሲቨር በእጁ በገባ ቁጥር፣ ምንም ከማድረጉ በፊት ያለውን ሶፍትዌር አውጥቶ በቦርዱ ስም ያስቀምጣል። መጠኑን አየ፦ 4,194,304 ባይት፣ አንድም አልጎደለም። በደካማ ኔትወርክ ተቆራርጦ የወረደ ፋይል ስሙ ሙሉ፣ ሆዱ ግማሽ ሆኖ ይገኛልና መታየት አለበት።

ሊጀምር ሲል እጁን ሰበሰበ። «መብራት ቢሄድስ?» አለ።

ሁሉም ጣሪያውን አየ። በዚህ ጥያቄ ላይ እስካሁን ያልነበረ አንድነት ተፈጠረ፤ ሶፍትዌር የማያውቅ ሰው እንኳ መብራትን ያውቃል። በገመዱ 4 ሜጋባይት ለማሳለፍ ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ግማሽ ሶፍትዌር ነው የሚቀረው። ዲሽ ሠሪው ወደ ውጭ ወጣና ባጃጁን ዞሮ አየው። የሪሲቨሩ አዳፕተር 12 ቮልት፣ የባጃጁ ባትሪ 12 ቮልት።

ባለ ባጃጁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ባትሪው አዲስ ነው፣ ወላሂ እስከ ድሬ የሚገፋኝ የለም፣ ሪሲቨር ባትሪ ይበላል። ዲሽ ሠሪው ሪሲቨሩ ከባጃጁ የፊት መብራት ያነሰ እንደሚስብ ቢያስረዳው አልሰማም፤ ባለ ሽርጡ ግን «አርሴን ታያለህ ወይስ አታይም?» ሲለው ወዲያው ገባው። ሞተሩን ሳላጠፋ ልተውልህ ወይ ብሎ ለመነ። አይሆንም፤ ሞተሩ ሲሠራ ቮልቱ ከ12 አልፎ ከፍና ዝቅ ይላል። እናም ሪሲቨሩ ባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ ክዳኑን ከፍቶ እንደ መንገደኛ ተቀመጠ፣ ላፕቶፑ ባለ ባጃጁ ጭን ላይ ሆነ፣ ሰዉ ዙሪያውን ከበበ። አላፊ አግዳሚው ባጃጅ የተበላሸ መስሎት ሊገፋ ይመጣ ነበር።

ስድስት ደቂቃ ለመጠበቅ ቀርቶ ለመተንፈስም ይረዝማል። ዲሽ ሠሪው ሰዉን ዝም ለማሰኘት ስለ ስፒሪት ነገራቸው። አሜሪካኖች ማርስ ላይ በጥር 2004 እ.ኤ.አ. ያወረዷት ባለ ጎማ ሮቦት ናት። ገና ሦስት ሳምንት ሳትሞላ ድምፅዋ ጠፋ። ትነሣለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትነሣለች። የፍላሽ ሜሞሪዋ በፋይል ተጨናንቆ፣ በተነሣች ቁጥር እዚያ ላይ ስትደርስ ትሰናከል ነበር። ሄዶ ክዳን የሚፈታ የለ። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው፣ ያንን ፍላሽ ዝለይና ያለ እሱ ተነሺ ብለው አዘዟት። ተነሣች። ፍላሹን አጽድተውላት እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ስትሠራ ኖረች።

«ባቡሩም እንዲህ ነው ያደረገን» አሉ አዛውንቱ። በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ድሬዳዋ ሲገባ ጀልዴሳን ወደ ጎን ትቶ ነው ያለፈው፤ ግመሉም በቅሎውም ኬላውም ሥራ ፈታ። ጀልዴሳን ዘላ የተነሣችው ድሬዳዋ ናት። አዛውንቱ ይህን ሲናገሩ እኛን፣ የድሬ ሰዎቹን፣ ልክ ትናንት የሆነ ይመስል ቅሬታ ባለው ዓይን አዩን።

መቶ ከመቶ ሞላ። ግንባሩ «ቡት» አለ፣ ልባችን ቆመ፣ ከዚያ ቁጥር ሆነ። እልልታው ፍየሏን ከጣሪያው አወረዳት፤ እውነትም ጣሪያ ላይ ኖራለች።

ሪሲቨሩ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰካ ሜኑው ዐረብኛ ሆኖ መጣ። ከመስጊድ የሚመለስ አንድ ደረሳ ከመንገድ ተጠርቶ፣ ሪሞቱን ይዞ፣ በቁም ነገር እያነበበ ቋንቋውን አማርኛ የሚልበት ስፍራ አጥቶ እንግሊዝኛ አደረገው። 11105 ተጻፈ፣ ፍለጋው ተጀመረ፣ ጣቢያዎቹ ተራ በተራ ገቡ። የመጀመሪያው ላይ ሙዚቃ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ስብሰባ። አርሴን የሚያሳይ የለም። ልጁ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ሻይ ቤቱ በአንድ ድምፅ «አትንካው!» አለ። በሦስት ቋንቋ።

ቀረ ሒሳብ። ዲሽ ሠሪው ዋጋውን ሲናገር የሻይ ቤቱ ባለቤት ደነገጠ። «አቦ፣ ምን ዕቃ ቀየርክና ነው? ገመድ ሰክተህ ነቀልክ፣ ወሬ አወራህ፣ ባትሪውም የሰው ነው!» ጉባኤው ወዲያው ከባለቤቱ ጎን ተሰለፈ፤ እንዴ፣ ዕቃ ሳይቀየር? ዲሽ ሠሪው አልተሟገተም። የከረሜላ ጣሳውን ከፈተ፣ ካበጡት ካፓሲተሮች አንዷን፣ ትልቋንና ጥቁሯን መርጦ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አደረጋት።

«ይቺን።»

ባለቤቱ አነሣት፣ ገለባበጣት፣ ያበጠ አናቷን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ጉባኤውም እየተቀባበለ አያት፤ ባለ ሽርጡ እንኳ ጆሮው ላይ ደቅኖ ሰማት። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ፣ ሻይም ተጨመረ። ስንወጣ ባለቤቱ ለመጣው ሁሉ «ይቺ ነበረች» እያለ ያሳይ ነበር።